86 ዶላር እና 50 ፍሬ ሽምብራ

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ አዴት የገባሁ ቀን፣ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ጓደኛዬ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው።

«እየው እስቲ ይሄን ሰውዬ!»

ቪዲዮው ላይ ኮፍያና ጥቁር መነጽር ያደረገ ወጣት ካርታ ይዞ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ የዶላር ክምር አለ። ትንሽ ቆይቶ ሰውዬው ብድግ ብሎ እጁን ወደ ላይ ይወረውራል፤ ሰው ይጮሃል።

«በ86 ዶላር ጀምሮ 2.5 ሚሊዮን ዶላር በላ» አለኝ። «በካርታ! እኔ ከዚህ ሰውዬ በምን አንሳለሁ?»

ቀልዱን አልነበረም። እኛ ሰፈር በኮንከር እሱን የሚችል የለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ስልካችን ከእጅ ባትሪነት ያለፈ ሥራ አልነበረውም። ያኔ የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ወደ ካርታ ተመለሰ፤ እሱ ደግሞ ነገሠ። የወደቀውን ካርታ ሁሉ ያስታውሳል፣ ማን ምን እንደሚጠብቅ ከፊቱ ያነባል። ዲግሪውን ይዞ ሁለት ዓመት ሥራ ሲፈልግ የኖረ ልጅ ነው። እና ኢንተርኔቱ ሲመለስ ልቡን የወሰደው ይሄ ቪዲዮ ሆነ።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። «አትችልም» ከማለት «እስቲ እናስላው» ማለት ይቀለኛል። ይሄ ጽሑፍ የዚያ ስሌት ታሪክ ነው። መሀል ላይ ግን ያልጠበቅነው የዘር ድንች ገባበት።

ሰውዬው ማን ነው?

ክሪስ መኒሜከር ይባላል። ስሙ በቀጥታ ሲተረጎም «ገንዘብ ሠሪ» ማለት ነው፤ ለማስታወቂያ ያወጣው እንዳይመስላችሁ፣ እውነተኛ የቤተሰቡ ስም ነው። አሜሪካ ቴነሲ ግዛት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ ዕድሜው 27። እ.ኤ.አ. በ2003 ኢንተርኔት ላይ 86 ዶላር ከፍሎ የማጣሪያ ውድድር ገባ። በማጣሪያው በኩል ላስ ቬጋስ በሚካሄደው የዓለም ፖከር ሻምፒዮና ዋና ውድድር ላይ መቀመጫ አገኘ። የዚያ ውድድር መግቢያ 10,000 ዶላር ነው። ሰው ከሰው ፊት ለፊት በሚቀመጥበት ትልቅ ውድድር ላይ ከዚያ በፊት ተጫውቶ አያውቅም። 839 ሰው በተሳተፈበት ውድድር አንደኛ ወጥቶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ።

ወሬው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። ሒሳቡ ግን ከዚህ ነው የሚጀምረው።

አንደኛ፣ ገንዘቡ ሁሉ የእሱ አልነበረም። ከውድድሩ በፊት ከድርሻው ላይ ለአባቱና ለጓደኛው ሸጦ ነበር። ሁለተኛ፣ ከ839ኙ ተወዳዳሪዎች ሽልማት የደረሳቸው 63 ብቻ ናቸው። የቀሩት 776 ሰዎች ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል፤ የእነሱን ቪዲዮ ማንም አይልክላችሁም። ሦስተኛ፣ 10,000ን ለ86 አካፍሉት፤ 116 ገደማ ይመጣል። በቀላል አማርኛ አንድ ሰው በ86 ዶላር ቬጋስ እንዲገባ 116 ሰው ያህል 86 ዶላር ማዋጣት አለበት። አንዱ ይሄዳል፣ ሌሎቹ የእሱን ትኬት ከፍለው ይቀራሉ።

ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ የተወዳዳሪው ቁጥር 2,576 ሆነ። በ2006 ደግሞ 8,773 ደረሰ። በሺህ የሚቆጠር ሰው የመኒሜከርን ታሪክ ሰምቶ የጓደኛዬን ጥያቄ ጠየቀ ማለት ነው፦ «እኔ ከዚህ ሰውዬ በምን አንሳለሁ?»

ፖከር ከኮንከር በምን ይለያል?

በውድድር ላይ በብዛት የሚጫወቱት ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን ነው። ሕጉ አጭር ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ይታደለዋል፤ እሱን ራሱ ብቻ ነው የሚያየው። ከዚያ ጠረጴዛው መሀል ላይ አምስት ካርታ ቀስ በቀስ ይገለጣል፦ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻ አንድ። ይሄ የሁሉም ነው። ከሰባቱ ካርታ የተሻለ አምስት የሠራ ያሸንፋል። በየመሀሉ ገንዘብ መጨመር፣ ከሌላው እኩል መክፈል ወይም ካርታውን ጥሎ መውጣት ይቻላል።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ኮንከር ላይ ካርታህ ካልሠራ አታሸንፍም። ፖከር ላይ ግን ሌሎቹን ሁሉ አስፈራርተህ ካስወጣህ ምንም ሳይኖርህ ልታሸንፍ ትችላለህ። በሌላ በኩል ምርጥ ካርታ ይዘህም ትሸነፋለህ። የጨዋታው ግማሽ ያለህ ካርታ ነው፤ ግማሹ ሌላው ሰው ያለህ የሚመስለው ካርታ።

ውድድር ሲሆን ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ሁሉም እኩል መግቢያ ከፍሎ እኩል ቺፕስ ይሰጠዋል (የሚበላው ድንች ሳይሆን ገንዘብን የሚወክል ጠፍጣፋ ክብ ነገር ነው)። ቺፕስህ ካለቀ ወጣህ። «እኔ ካርታዬ እስኪመጣ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ» እንዳትል ደግሞ ተራህ በደረሰ ቁጥር የግድ የምታስቀምጠው መዋጮ አለ፤ ብላይንድ ይሉታል። እሱም በየጊዜው ይጨምራል። የአዲስ አበባ ቤት ኪራይ በሉት፦ ምንም ሳታደርግ ቁጭ ብትልም ይበላሃል፣ ስትቆይ ደግሞ ይወደዳል።

የሽምብራው ሻምፒዮና

ጓደኛዬን አንድ ነገር ለመንኩት፦ ዶላር ከማሰብህ በፊት ያለ ገንዘብ እንሞክረው። የኔ ሥራ በላፕቶፕ ስለሆነ ሦስት ሳምንት መቆየት እችል ነበር። ስምንት ሰው ሰበሰብን። ጊዜው ማምሸት ስለማይፈቅድ ከቀኑ 10 ሰዓት እንጀምራለን። መጀመሪያ የወጣ ሰው ቡና ያፈላል። ሽልማቱም ቅጣቱም ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ቀን ቺፕሳችን ቆሎ ነበር፤ ስህተት ነው። አንዱ ጓደኛችን ጨዋታው ሳያልቅ ካፒታሉን በላው። በማግስቱ ወደ ጥሬ ሽምብራ ዞርን፤ ለእያንዳንዱ ሰው 50 ፍሬ። ብላይንዱ በአንድና በሁለት ፍሬ ይጀምርና በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል።

የሰፈሩ የኮንከር ንጉሥ ቡና አፈላ። በማግስቱም ቡና አፈላ።

ችግሩ ካርታ አለማወቅ አልነበረም። የታደለውን ሁሉ መጫወት ነው ችግሩ። ኮንከር ላይ የደረሰህን ካርታ ይዘህ መታገል አለብህ፤ ፖከር ላይ ግን አብዛኛውን መጣል ነው ሥራው። ለእሱ ደግሞ ካርታ መጣል ሽንፈት ነው የሚመስለው። በየእጁ ሦስት አራት ፍሬ ያወጣል፣ ያልሆነ ነገር ይገለጣል፣ ይናደዳል፣ ከዚያ የቀረውን ሽምብራ በሙሉ ወደ መሀል ይገፋዋል።

ማን እንዳሸነፈ ልንገራችሁ? እህቱ። የቤተሰቡን ሱቅ የምትይዘው እሷ ናት፤ የዱቤ ደብተሩም በእሷ እጅ ነው። ካርታ ብዙም ተጫውታ አታውቅም፤ ስምንተኛ ሰው ስለጎደለ ነው ያስገባናት። አሥር ጊዜ ታድሏት ስምንቱን ትጥላለች። «ምን እያረግሽ ነው?» ሲላት «እየጠበቅኩ» ትለዋለች። የገባች ቀን ግን በደንብ ነው የምትገባው። ሽምብራዋን ከማስቀመጧ በፊት እንደ ዱቤ ጠያቂ ነበር የምታየን፦ ይሄ ሰው ይከፍላል ወይስ አይከፍልም?

በሁለት ሳምንት ውስጥ 12 ጊዜ ተጫወትን። ውጤቱን እኔ በደብተር ያዝኩ። እህቱ 4 ጊዜ፣ እሱ 1 ጊዜ አንደኛ ወጡ። እኔ ኢኮኖሚስቱ? ዜሮ።

የምርምር ማዕከሉ ትምህርት

እዚህ ላይ «እህቱ ጎበዝ ናት፣ እሱ ሰነፍ ነው» ብሎ መዝጋት ያምራል። ግን 12 ጨዋታ ምንም ማለት አይደለም።

አዴትን የምታውቁ የግብርና ምርምር ማዕከሉን ታውቁታላችሁ። እዚያ አንድ አዲስ የድንች ወይም የስንዴ ዝርያ አንድ መደብ ላይ ስላማረ ብቻ «ይሄ ይሻላል» ተብሎ ለገበሬው አይሰጥም። ያንኑ ዘር በብዙ ትናንሽ መደቦች ላይ፣ ከነባሩ ዝርያ ጎን ለጎን፣ በተለያየ ቦታና በተለያየ ዓመት ደጋግመው ይዘሩታል። ለምን? አንዱ መደብ ለም አፈር ላይ አርፎ ይሆናል። አንዱ ዓመት ዝናቡ ተስማምቶ ይሆናል። ዘሩን ከዕድሉ የሚለየው ድግግሞሹ ነው።

ፖከርም እንደዚያ ነው። እስቲ ቁጥር እንይ። ከሁሉ የሚበልጠው መነሻ ካርታ ሁለት አስ ነው፤ በአማካይ በ221 እጅ አንዴ ይደርስሃል። ሁለት አስ ይዘህ ሁለት ኪንግ ከያዘ ሰው ጋር ሁላችሁም ያላችሁን ብታስገቡ ከ100 ጊዜ 82 ገደማ ታሸንፋለህ። ጥሩ ነው አይደል? እንደዚህ ዓይነት አጋጣሚ አምስት ጊዜ ተከታትሎ ቢመጣልህ አምስቱንም የማሸነፍ ዕድልህ ስንት ይመስልሃል? ከ100 37 ብቻ። አንድም ስህተት ሳትሠራ ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል ከአምስቱ ቢያንስ አንዱን ትሸነፋለህ። ውድድር ላይ ደግሞ ባላንጣህ ከአንተ እኩል ወይም የበለጠ ቺፕስ ካለው አንድ ሽንፈት ይበቃል፤ ወደ ቤት ነው።

በዚህ ላይ አዘጋጁ የሚወስደው አለ። አሥር ሰው 100 ብር ቢያዋጣና አዘጋጁ ከእያንዳንዱ 10 ብር ቢቆርጥ ለሽልማት የሚቀረው 900 ነው። ስለዚህ አማካይ ተጫዋች በየውድድሩ 10 ብር ይከስራል። ትርፍ ለማየት ከሌሎቹ መሻል ብቻ አይበቃም፤ የአዘጋጁን ድርሻ የሚሸፍን ያህል መሻል ያስፈልጋል። ዕቁብ ላይ ዕጣው ዘግይቶም ቢሆን ለሁሉም ይደርሳል። እዚህ ግን ለብዙው ሰው መቼም አይደርስም።

ስለዚህ መኒሜከር አንድ ያማረ መደብ ነው። እውነት ነው፣ አምሯል። ግን አንድ መደብ ነው።

ሌላኛዋ ጀማሪ

ለጓደኛዬ ሌላ ታሪክ ነገርኩት። ማሪያ ኮኒኮቫ ትባላለች። ሞስኮ ተወልዳ አሜሪካ ያደገች፣ በሥነ ልቦና ዶክትሬት ያላት ጸሐፊና ጋዜጠኛ ናት። በሕይወት ውስጥ የትኛው ችሎታ፣ የትኛው ዕድል እንደሆነ ለመመርመር ብላ ፖከርን ከዜሮ ልትማር ተነሳች። ስትጀምር አንድ ጥቅል ካርታ ስንት ፍሬ እንዳለው እንኳ አታውቅም ነበር (52 ነው)።

መጀመሪያ ያደረገችው መምህር መፈለግ ነው፤ ኤሪክ ሳይደል የተባለውን፣ በዓለም የታወቀ አንጋፋ ተጫዋች አስተምረኝ አለችው። ከዚያ በትንሽ ገንዘብ ጀመረች። በምትኖርበት ኒው ዮርክ የኢንተርኔት ፖከር ስለማይፈቀድ፣ ወደሚፈቀድበት ወደ ኒው ጀርሲ እየተሻገረች ካፌ ቁጭ ብላ ትለማመድ ነበር። ቀጥሎ ቬጋስ ውስጥ ትናንሽ የዕለት ውድድሮች። ታነባለች፣ የተጫወተችውን ትመዘግባለች፣ ከመምህሯ ጋር አንድ በአንድ ትገመግማለች። እ.ኤ.አ. ጥር 2018 ባሃማስ ላይ ከ200 በላይ ሰው የተሳተፈበትን ውድድር አሸንፋ 84,600 ዶላር አገኘች። ልምዷን በ2020 «ዘ ቢገስት ብለፍ» በሚል መጽሐፍ አሳተመችው።

«አየህ፣ ይቻላል'ኮ!» አለኝ ጓደኛዬ።

ይቻላል። ግን ምን ይዛ እንደገባች እንቁጠር። ከዓለም ምርጦች አንዱ የሆነ መምህር አላት። ብትሸነፍም ገቢ የሚያስገኝላት የጽሑፍ ሙያ አላት። የምትጫወተው ሕግ ባለበት ቦታ ነው፤ ስታሸንፍ ገንዘቧን የሚከለክላት የለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የምትሸነፈው ገንዘብ የማንም እራት አይደለም። ጓደኛዬ ያለው ፈጣን ጭንቅላት፣ የተሰነጠቀ ስልክ እና ቴሌግራም ነው።

የዘር ድንቹ

በአሥረኛው ጨዋታ ቀን ጓደኛዬ ቀረ። በማግስቱም ቀረ። ሌላ ሰው ተክተን ቀጠልን። ሦስተኛው ቀን ላይ እህቱ ናት የነገረችኝ።

ቴሌግራም ላይ «የፖከር አካውንት በብር እሞላለሁ» የሚል ሰው አግኝቶ 1,500 ብር ልኮለታል። ሰውየው አንድ መተግበሪያ ላከለት። ጓደኛዬ ሁለት ሌሊት ተጫወተ፤ እያሸነፈ ሄደ፤ ስክሪኑ ላይ 11,000 ብር ደረሰ። ላውጣ ሲል «መጀመሪያ 1,500 ብር ታክስ ክፈል» ተባለ። ከፈለ። ከዚያ ሰውየው አገደው፤ መተግበሪያውም መክፈቱን ተወ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ለማንኛችሁም ይጠቅማል። ያሸነፍከውን ለማውጣት ሌላ ብር ክፈል ካሉህ ያሸነፍከው ነገር የለም። እውነተኛ ክፍያ ካለ ካሸነፍከው ላይ ይቆረጣል እንጂ ከኪስህ አይጠየቅም። ደግሞም በአገራችን የዕድል ጨዋታ የሚካሄደው በፈቃድ ነው፤ የቴሌግራም ወኪል ሲጠፋ የምትከስሰው አድራሻ የለውም። ጓደኛዬ የተጫወተው ከሰው ጋር መሆኑን እንኳ እርግጠኛ አይደለም። ያ ሁሉ ፊት የማንበብ ችሎታው ፊት በሌለበት ቦታ ምን ሊሠራለት?

3,000 ብሩ ደግሞ የእሱ አልነበረም። አባቱ ከክረምቱ በፊት የዘር ድንች እንዲገዛላቸው ከሰጡት ብር ላይ የተነሳ ነው።

ለአባቱ ሲነግራቸው እኔም ነበርኩ። እሱ አንገቱን ደፍቶ «አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ይጮሃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ዝም ብለው ሰሙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ይሄ ጨዋታ ትርፍ አለው?» አሉኝ።

«ለጥቂት ሰው አለው፣ አባባ» አልኳቸው።

«ይሁን። ግብርናም ለሁሉም ትርፍ የለውም» አሉ። «በረዶ ይመታል፣ ዋግ ይገባል፣ ገበያው ይወድቃል። እኔ አርባ ዓመት ስከስርም ሳተርፍም ኖሬያለሁ። ግን ዘሩን በልቼ አላውቅም። ዘር ከተበላ'ኮ የሚመጣው ዓመት ቢያምርም ለአንተ አይደለም።»

እኔ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ቁጭ ብዬ የተማርኩትን እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ፖከርን ሥራ ያደረጉ ሰዎች የመጀመሪያ ሕጋቸው ይሄው ነው። ለጨዋታ የተለየ ገንዘብ አላቸው፤ ከኑሮ ገንዘብ ጋር አይነካካም። ለአንድ ውድድር ከእሱ ላይ ትንሽ ቁራሽ ብቻ ያወጣሉ፤ ምክንያቱም ጎበዝ እንኳ ቢሆኑ ለብዙ ውድድሮች በተከታታይ ባዶ እጃቸውን ሊወጡ እንደሚችሉ ያውቃሉ። የመኒሜከር 86 ዶላርም ውበቷ 2.5 ሚሊዮን መሆኗ አይመስለኝም። ከመግባቱ በፊት የሚከስረው 86 ዶላር ብቻ እንደሆነ ማወቁ ነው። የጓደኛዬ 3,000 ብር ግን ወሰን አልነበረውም፤ ሰውየው ባያግደው ኖሮ ሌላ 1,500 ይልክ ነበር። ራሱ ነው የነገረኝ።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?

ዘንድሮ የአባቱ የድንች መደብ ካለፈው አንሷል። ጓደኛዬ የሰው ባጃጅ በቀን ሒሳብ ይዞ እየነዳ ነው፤ ከ3,000 ብሩ 2,000ውን መልሷል። የቴሌግራም ሰውየው ስሙን ቀይሮ አሁንም ማስታወቂያ ይለቃል።

ፖከሩን ግን አልተወም። ሽምብራው አሁንም በወተት ጣሳ ውስጥ አለ፤ እሁድ እሁድ ይጫወታሉ። ደብተሩን የሚይዘው አሁን እሱ ነው፤ ስንተኛ መደብ ላይ እንደደረሰ እየቆጠረ። እውነቱን ለመናገር አንድ ቀን ጥሩ ተጫዋች ይወጣው እንደሆነ ደብተሩ እስኪሞላ ድረስ እኔም እሱም አናውቅም። ቢያንስ የሚከፍለው ሽምብራ ነው።

ባለፈው እሁድ ማታ መልእክት ላከልኝ።

«ዛሬ ሁለት ኪንግ ይዤ ጣልኩ።»

ደነገጥኩ። ኪንግና ኪንግ'ኮ ከአስ ቀጥሎ ያለ ካርታ ነው፤ ይሄ ልጅ ደግሞ የደረሰውን ሁሉ ይዞ የሚገባ ነበር።

«ለምን?» አልኩት።

«እህቴ ገብታ ነበራ።»